ሐር፣ ወርስና ጥቁር አዝሙድ፦ የሚያሳክክ ቆዳ ሕክምና በእስልምና የዕውቀት ቅርስና በዛሬው ምርምር

መግቢያ

በምዕራብ ሐረርጌ መስጊዶች የሻፊዒይን ፊቅህ የሚቀራ ደረሳ የኢማም አን-ነወዊን (631–676 ሂ.) «ሚንሃጁ-ጧሊቢን» ይዞ ከሸይኹ ፊት ሲቀመጥ፣ በፍርሃት ጊዜ ስለሚሰገድ ሶላት በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ያልጠበቀው ነገር ያጋጥመዋል። ምዕራፉ ከጦርነትና ከሶላት ወደ ልብስ ይሸጋገርና ሐር ለወንድ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከነዚህ መካከል ሁለት የዐረብኛ ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «ጀረብ» እና «ሒካ»። ደረሳው ወደ አማርኛ ሊመልሳቸው ሲሞክር ሁለቱም ከአንድ ሥር ይወጡበታል፤ አንዱ «እከክ»፣ ሌላው «ማሳከክ» ይሆናል፣ በዕለት ንግግርም ሁለቱ ይደባለቃሉ። በኦሮምኛ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው «ጪቶ»፣ ሁለተኛው «ሆቅሲሱ» ይባላል። ጀረብ የአንድ በሽታ ስም ነው፤ ሒካ ግን ብዙ በሽታዎች የሚጋሩት ስሜት ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ የሚያድር ሕፃን ያላት እናት ልጇን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ብትቀባው፣ ሕመሙ የቆዳ ድርቀት ወይም ኤክዜማ ከሆነ ሊቀለው ይችላል። ሕመሙ ጀረብ ከሆነ ግን ዘይቱ እየተቀባ ሳለ በሽታው ወደ ወንድሞቹ፣ ወደ እናቱና አብረውት ቁርኣን ወደሚቀሩት ልጆች ይሻገራል። ስለዚህ «ባህላዊው መድኃኒት ያድናል ወይስ አያድንም?» የሚለው ጥያቄ «ከየትኛው ማሳከክ?» የሚለው ሳይመለስ መልስ አይኖረውም። ይህ ጽሑፍ ማሳየት የሚፈልገው ይህን ጥያቄ ከዛሬው ላቦራቶሪ በፊት ፉቀሃኡና ጠቢባኑ እንደጠየቁት፣ መድኃኒትን በማስረጃ መመዘንም ለእስልምና የዕውቀት ቅርስ እንግዳ እንዳልሆነ ነው።

ጉዳዩን ከበደሳ ሆኖ መመልከት ተገቢ ነው። ከጭሮ በስተደቡብ በጨርጨር ከፍታ ላይ የምትገኘውና የኢቱ ኦሮሞ ጥንታዊ የመሰብሰቢያ ሥፍራ የሆነው ኦዳ ቡልቱም በአቅራቢያዋ ያላት ይህች ከተማ ስሟ ራሱ የተክል ስም ነው፤ በኦሮምኛ «በደሳ» ማለት በአማርኛ ዶቅማ የምንለው ዛፍ ነው። በእንዲህ ያለች ከተማ ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ከቅመም ሻጩ፣ ከባህል ዐዋቂውና ከጤና ጣቢያው አንዱን ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም ሦስቱንም ይሞክራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ዓመታት «ሂ.» የሚል ምልክት ከሌላቸው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ሐሩና ሁለቱ ሶሓባዎች

በእስልምና ምንጮች ውስጥ ስለ ማሳከክ ከተላለፉት ዘገባዎች እጅግ የታወቀው በቡኻሪና በሙስሊም የሰፈረው የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) የሚያሳክክ ሕመም ስለያዛቸው ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) የሐር ልብስ እንዲለብሱ ፈቀዱላቸው። በአንዱ ዘገባ ይህ የሆነው በጉዞ ላይ ነው፤ በሌላው ዘገባ ደግሞ ሁለቱ ሶሓባዎች ያመለከቱት ስለ ቅማል ነው።

ከዚህ ዘገባ የተነሣው የሕግ ክርክር ሰፊ ነው። የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቃዱን ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሁሉ የሚሠራ አድርጎ ወሰደው። አን-ነወዊም በመዝሀቡ ውስጥ ትክክለኛው አቋም በጉዞም ሆነ በአገር ቤት የሚፈቀድ መሆኑ ነው ብለዋል። ኢማም ማሊክ ግን ፈቃዱን አላሰፉትም። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ነገር በሁለቱም ወገን ያለ ነው። ማሳከክ እንደ ተራ ነገር አልታየም፤ ለወንዶች የተከለከለን ልብስ ሊያስፈቅድ የሚችል «ሓጃ»፣ ማለትም ሊቃለል የሚገባው ችግር ተደርጎ ተቆጥሯል። የሕግ ሰዎቹም ችግሩን ሲዘረዝሩ ጀረብን፣ ሒካንና ቅማልን ለየብቻ ጠሯቸው።

ኢብኑል ቀይዪም (691–751 ሂ.) ስለ ነቢዩ ሕክምና በጻፉት ሥራ የፈቃዱን ምክንያት ከልብሱ ባሕርይ ጋር ያያይዙታል። ሐር እንደ ሌሎች ጨርቆች ሻካራና አድራቂ ስላልሆነ ለሚያሳክክ ገላ ይስማማል፤ ቅማልም እንደ ልብ አይራባበትም። ይህ ማብራሪያ ከስድስት መቶ ዓመታት በኋላ በፈተና ሊታይ የሚችል ሐሳብ ነበር፤ ታይቷልም። በ2017 ውጤቱ በታተመ፣ በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ በመራው ጥናት ከመካከለኛ እስከ ከባድ ኤክዜማ ያለባቸው 300 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና ጋር ለኤክዜማ ተብሎ የተዘጋጀ የሐር ልብስ ለስድስት ወር ለበሱ፤ የቀሩት የተለመደውን ሕክምና ብቻ ቀጠሉ። የሐሩ ልብስ በበሽታው ክብደት ላይ ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም።

ይህን ውጤት የሚያነብ ሙስሊም ሊደነግጥ አይገባውም። ሐዲሱ የያዘው ሩኽሳ ነው፤ ሁለት የታመሙ ሰዎች በልብሳቸው እንዳይሠቃዩ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ሐር ኤክዜማን ይፈውሳል የሚል የሕክምና መመሪያ ከዘገባው አይወጣም። የኢብኑል ቀይዪም ማብራሪያ ደግሞ የአንድ ታላቅ ዓሊም ኢጅቲሃድ ነው፤ ኢጅቲሃድም ይመዘናል።

2. የሊቃውንቱ ሚዛን

በሐዲስ የተጠቀሱ መድኃኒቶች እንዴት ሊታዩ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ሊቃውንቱ ራሳቸው አጥብቀው ተከራክረውበታል። ኢብኑ ኸልዱን በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» ውስጥ የዘላኖች ሕክምና ከሽማግሌዎች በተወረሰ ውስን ልምድ ላይ የቆመ መሆኑን ይገልጻሉ። በሐዲስ የሚገኘውም ሕክምና ከዐረቦች የተለመደ ልምድ የመጣ እንጂ የወሕይ ክፍል አይደለም ይላሉ። ነቢዩ የተላኩት ሸሪዓን ሊያስተምሩ ነው ሲሉም የተምር ዛፍ ማዳቀልን የሚመለከተውን ዘገባ ያስታውሳሉ። ኢብኑል ቀይዪም በዚህ አይስማሙም፤ ለእርሳቸው የነቢዩ ሕክምና ምንጩ ወሕይ ስለሆነ እርግጠኛ ነው። ይሁን እንጂ እርሳቸውም ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለውና ፈውሱ የሚገኘው መድኃኒቱ በሽታውን ሲያገኝ መሆኑ ተነግሯል። ኢብኑል ቀይዪም ከዚህ ተነሥተው መድኃኒቱ በዓይነቱና በመጠኑ ከበሽታው ጋር ካልተስማማ እንደማይጠቅም ያስረዳሉ።

ሁለቱ በመነሻቸው ቢለያዩም በተግባር የሚገናኙበት ነጥብ አለ። ሁለቱም መድኃኒትን ያለ ምርመራ ለማንኛውም ሕመም ማዘዝን አይደግፉም። ይህ አቋም በጥቁር አዝሙድ ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ እንዳለው የሚናገረው ሐዲስ ሶሒሕ ነው። አል-ኸጣቢ (ሞ. 388 ሂ.) ግን አነጋገሩ ጠቅላላ ቢመስልም የተፈለገበት ትርጉም ውስን ነው ብለዋል። አንድ ተክል የሁሉንም በሽታ ተቃራኒ ባሕርይ አንድ ላይ ሊይዝ ስለማይችል፣ ቃሉ የሚመለከተው ከእርጥበት የሚነሡትን ሕመሞች ነው የሚል ነው ትንታኔያቸው። ኢብኑ ሐጀርም (ሞ. 852 ሂ.) በ«ፈትሑል ባሪ» ይህንን ትንታኔ ከሌሎች አስተያየቶች ጋር አስፍረውታል። የጥንቱ የ«እርጥበትና ሙቀት» ሕክምና ዛሬ ባይሠራም፣ ሊቁ የጠየቁት ጥያቄ ግን ዛሬም ተገቢ ነው፤ ይህ መድኃኒት ለየትኛው በሽታ ነው?

3. ከሐረር እስከ ዐደን፦ የወርስ መንገድ

ሐጅ ያደረገ ወይም የሐጅን ሕግጋት የቀራ ሁሉ «ወርስ» የሚለውን ቃል ያውቃል። በኢሕራም ላይ ያለ ሰው በዘዕፈራን ወይም በወርስ የተነከረ ልብስ እንዳይለብስ በኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሐዲስ ተከልክሏል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በዘገቡት መሠረት ደግሞ በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ዘመን አራሶች ፊታቸው ላይ ለሚወጣ ማዲያት ወርስ ይቀቡ ነበር። ኢብኑ ሲናና ኢብኑል ቀይዪም ወርስ ሲቀባ ለማዲያት፣ ለማሳከክና በቆዳ ላይ ለሚወጡ ብጉሮች እንደሚረዳ ጽፈዋል። ስለዚህ በእስልምና የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ለሒካ ከተመዘገቡት ዕፅዋት ወርስ ጥንታዊ ሥፍራ አለው።

ይህ ተክል ለሐረርጌ ሰው ሩቅ አይደለም። በዕፅዋት ሳይንስ «ፍሌሚንጂያ ግራሃሚያና» ይባላል፤ ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ነው። የፍሬው ልባስ ጥቃቅን እጢዎች አሉት፤ ፍሬው ደርቆ ሲወቃና ሲነፋ ቀይ ብርቱካናማ ዱቄት ይራገፋል። ተክሉ ከየመን ተራሮች ሌላ በሐረር አካባቢ ይገኝ ነበር፤ ዱቄቱም በዐደን በኩል ወደ ዐረብ ገበያ ይገባ ነበር። በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከከተማዋ ከሚወጡ ሸቀጦች መካከል ወርስን ጠቅሷል። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ የዐረብ መድኃኒት ዐዋቂዎች ወርስን በአገሩ ሲለዩት «ሐበሻዊ» የተባለው ዓይነት ጠቆር ያለና ደረጃው ዝቅ ያለ መሆኑን ጽፈው ነበር። ደረጃው ዝቅ ቢባልም፣ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የአገራችን ስም ከአንድ የቆዳ መድኃኒት ጋር ተያይዞ መገኘቱ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው።

የኤውሮፓ ሊቃውንት ይህን ዱቄት ከሕንዱ የካማላ ዱቄት ጋር ለረጅም ጊዜ ሲያምታቱት ኖረዋል፤ ተክሉ በትክክል የተለየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። በ1898 ኬሚስቱ አርተር ጆርጅ ፐርኪን የወርስን ቀለም አጥንቶ ከያዛቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን «ፍሌሚንጂን» ብሎ ጠራው። ከዚያ በኋላ የዚሁ ቤተሰብ ንጥረ ነገሮች ተለይተው በላቦራቶሪ ተፈትነዋል፤ ጸረ-ኦክሲዳንት ባሕርይም አሳይተዋል። ነገር ግን በብልቃጥ ውስጥ የሚታይ ባሕርይና በሚያሳክክ ቆዳ ላይ የሚታይ ፈውስ አንድ አይደሉም። ስለ ወርስ ያለን የታሪክ ማስረጃ ጠንካራ ሲሆን የሕክምና ማስረጃው ገና ጅምር ላይ ነው። ሁለቱን ሳያምታቱ መናገር የተመራማሪ ግዴታ ነው።

4. «ሐባሱዳ» በሚዛን ላይ

ወርስ ከገበያ ሲጠፋ ጥቁር አዝሙድ ግን ቦታውን አልለቀቀም። በኦሮምኛ «ሐባሱዳ» ወይም «አባሱዳ» መባሉ «አል-ሐበቱ-ሰውዳእ» ከሚለው የዐረብኛ ስሙ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ቅመሙን የሚገዛው ሰው ሳያውቀው የሐዲሱን ቃል ይጠራል።

የዛሬው ምርምር በጥቁር አዝሙድ ዘይት ውስጥ ዋነኛ አድርጎ የሚያየው ንጥረ ነገር ታይሞኪኖን ነው። ለማሳከክ ያለው አግባብ በቀላሉ ሊገለጽ ይችላል። በቆዳችን ውስጥ «ማስት» የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ሲነኩ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፣ ሂስታሚኑም ነርቭን ቀስቅሶ ማሳከክን ያመጣል። ከጥቁር አዝሙድ የተገኙ ንጥረ ነገሮች የሂስታሚንን መለቀቅ እንደሚቀንሱ በላቦራቶሪ ታይቷል። ሆኖም ማሳከክ ሁሉ ከሂስታሚን አይመጣም፤ ብዙው የኤክዜማ ማሳከክ በሌላ መንገድ የሚነሣ ነው። ስለዚህ በሰው ላይ የተደረገ ፈተና ያስፈልጋል።

ከነዚህ ፈተናዎች ሁለቱ ተቃራኒ ውጤት ስላላቸው አብረው ሊነበቡ ይገባል። በ2013 በታተመው የኢራን ጥናት የእጅ ኤክዜማ ያለባቸው 60 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው ለአራት ሳምንት ታክመዋል። አንዱ ቡድን የጥቁር አዝሙድ ቅባት፣ ሁለተኛው ቤታሜታሶን የተባለውን የስቴሮይድ ቅባት፣ ሦስተኛው ተራ ማለስለሻ ተጠቀመ። ጥቁር አዝሙዱ ከማለስለሻው የተሻለ ሆኖ ከስቴሮይዱ ጋር የጎላ ልዩነት አላሳየም። በ2002 በጀርመን የታተመው ሌላ ጥናት ግን ሌላ ዓይነት ኤክዜማን፣ ማለትም ከልጅነት ጀምሮ የሚመላለሰውን የአለርጂ ኤክዜማ ተመልክቶ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት የገባበት ቅባት ዘይቱ ከሌለበት ቅባት የተለየ ጥቅም እንዳላሳየ ዘግቧል።

ከሁለቱ የሚወጣው ትምህርት የአል-ኸጣቢን ጥያቄ ያስታውሳል። አንዱ ኤክዜማ ከሌላው ስለሚለይ በአንዱ የታየ ጥቅም ወደ ሌላው በቀጥታ አይሻገርም። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ዘይት ነው። ደረቅ ቆዳ ማንኛውም ቅባት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ማሳከኩም ይቀንሳል። ይህ ለውጥ ከዘሩ የመጣ መሆኑን የሚያሳየን ከተራ ማለስለሻ ጋር የተደረገ ንጽጽር ብቻ ነው። «ቀብቼው ተሻለኝ» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ምክንያቱን ግን በዚህ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

ጉዳቱም ሊነገር ይገባል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት የቆዳ አለርጂ እንዳስነሣባቸው፣ አንዳንዶቹም ቆዳቸው ውኃ ቋጥሮ እስኪላጥ ድረስ እንደታመሙ የኤውሮፓ ሐኪሞች ዘግበዋል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ቢሆንም በተቀባበት ቦታ የሚያቃጥለውና የሚያቀላው ሰው «ሕመሙ እየወጣ ነው» ብሎ መቀጠል የለበትም፤ ወዲያውኑ ማቆም አለበት።

5. በደጃፍ ያሉ ዕፅዋት

ሐረርጌ የእሬት አገር ናት። በደጋውና በቆላው መካከል ባሉ ድንጋያማ ቁልቁለቶች የተለያዩ የእሬት ዓይነቶች ይበቅላሉ። ከነዚህ አንዱ የሐረርጌ ብቻ ሀብት የሆነው «አሎይ ሐርላና» ነው። ስሙን ያገኘው ከድሬዳዋ አጠገብ ካለችው ሐርላ ነው፤ ሬይኖልድስ የተባለው የዕፅዋት ዐዋቂ በ1957 መዝግቦታል። በዚያችው ሐርላ ከ2015 ጀምሮ ቲሞቲ ኢንሶል የመራው ቁፋሮ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ አስገኝቷል። የእስልምና ታሪካችን ጥንታዊ ከተማና የአንድ መድኃኒት ተክል ስም በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል። በ2011 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህን እሬት ቢጫ ፈሳሽ መርምረው አሎይንን ጨምሮ ሁለት ንጥረ ነገሮችን ለይተዋል፤ በላቦራቶሪም በባክቴሪያዎችና በፈንገሶች ላይ ያላቸውን ኃይል አሳይተዋል።

የእሬት ተጠቃሚ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከቆዳው ሥር የሚንጠባጠበው መራራ ቢጫ ፈሳሽና በቅጠሉ መሐል ያለው ጥርት ያለ ልዝብ ልብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢጫው ሆድ ያስቀምጣል፣ ስስ ቆዳንም ሊያስቆጣ ይችላል፤ የሚያበርደውና የሚያለሰልሰው መሐለኛው ነው። በ2009 የታተመ ትንሽ የናይጄሪያ ጥናት 30 የጀረብ ሕሙማንን ከፍሎ ለ16ቱ እሬት፣ ለ14ቱ ቤንዚል ቤንዞኤት ሰጥቶ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል። ተስፋ ሰጪ ቢሆንም በሠላሳ ሰው ላይ አገር አቀፍ ሕክምና አይቆምም።

ኒም በድሬዳዋና በሌሎች ቆላማ ከተሞች ለጥላ የተተከለ ዛፍ ነው። በ1992 በታተመ የሕንድ ጥናት 814 የጀረብ ሕሙማን የኒም ቅጠልና እርድ ተደቁሶ ተቀብተው ከ3 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ 97 በመቶዎቹ እንደዳኑ ተዘግቧል። ቁጥሩ አስደናቂ ነው፤ ጥናቱ ግን ሌላ መድኃኒት የተሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። የኒም ዘይት ጠጥተው በጠና የታመሙ ሕፃናትም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋልና ለመቀባት የተባለው ለመጠጣት ሊሆን አይገባም።

እንዶድ የአገራችን ምርምር መኩሪያ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ የእንዶድ አረፋ በወንዝ ውስጥ ያሉ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉት ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች ሥራ ተነሥተው ነው። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ለቆዳ ፈንገስም በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ ተሞክሯል። ብሳና፣ በኦሮምኛ «መከኒሳ»፣ ፈሳሹ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ለጭርት ይቀባል፤ ከተክሉ የተወሰዱ ጭማቂዎችም በላቦራቶሪ ፈንገስን የመቋቋም ኃይል አሳይተዋል። ጭርት ፈንገስ ስለሆነ ይህ ከባህሉ ጋር ይስማማል። ነገር ግን ጥሬው ፈሳሽ ያቃጥላልና ለዓይን አካባቢና ለሕፃን ቆዳ አይሆንም።

ሒና በሐረርጌ ሴቶች ዘንድ ጌጥም መድኃኒትም ነው፤ በቲርሚዚና በኢብኑ ማጃህ ዘገባ በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ቤት ለቁስል ትደረግ ነበር። ዛሬ ያለው አደጋ ከተክሉ ይልቅ ከተቀላቀለው ነገር ይመጣል። «ጥቁር ሒና» በሚል ስም የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የጸጉር ቀለም የሆነው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን የተጨመረበት ነው፤ ይህም ከባድ አለርጂና ዕድሜ ልክ የሚቆይ የቆዳ ስሱነት ሊያመጣ ይችላል። ንጹሑ ሒናም ቢሆን ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸውን ጨቅላዎች ደም ሊያፈርስ ስለሚችል አራስ ልጅን ሒና መቀባት መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

6. ጀረብ ሲመጣ

እስካሁን ያየነው በአብዛኛው ስለ ሒካ ነው። ጀረብ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም አቡል ሐሰን አጥ-ጦበሪና በ1162 ያረፈው የአንዳሉሱ ኢብኑ ዙህር ከቆዳ ሥር ስለምትኖርና በዓይን በጭንቅ ስለምትታይ ትንሽ ፍጥረት ጽፈዋል። ጣሊያናዊው ቦኖሞ በ1687 ይህችኑ ነፍሳት በማጉያ መነጽር ተመልክቶ የበሽታው መንሥኤ እርሷ መሆኗን ገለጸ። ለጀረብ የታዘዙት ጥንታዊ መድኃኒቶች የደረሱበት ዕጣ ግን ይለያያል። ኢብኑ ሲና የጠቀሱት ድኝ ዛሬም በቅባት መልክ፣ በተለይ ለጨቅላዎችና ለነፍሰ ጡሮች፣ ይሰጣል። በዚያው ዘመን ለጀረብና ለቅማል ይቀባ የነበረው ባዜቃ ግን መርዝነቱ ስለታወቀ ተትቷል። ሁለቱም ባህላዊ ነበሩ፤ የለያቸው ፈተና ነው።

የጀረብ ጉዳይ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በ2015 እና በ2016 አገራችንን የመታው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች መካከል አድርጎታል፤ በዚያው ጊዜ የእከክ ወረርሽኝ በተለያዩ ክልሎች ተነሥቷል። በአማራ ክልል በድርቁ በተጎዱ 68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው ወደ 379,000 የሚሆኑት፣ ማለትም ከሦስቱ አንዱ፣ በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ጀረብን ከሌላ ማሳከክ ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብና በብልት አካባቢ ሽፍታ ይታያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብረው የሚተኙ ሌሎች ሰዎችም ያካሉ። እንዲህ ከሆነ ሕክምናው ፐርሜትሪን፣ ቤንዚል ቤንዞኤት፣ ድኝ ወይም የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ነው፤ የመጨረሻው ከጃፓን አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ሲሆን አግኚዎቹ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። የሚያክውም የማያክውም የቤተሰቡ አባል ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት፤ በሽታው መጀመሪያ ሲይዝ ለሳምንታት ሳያሳክክ ሊቆይ ይችላልና። ነፍሳቷ ከሞተች በኋላም ማሳከኩ ለጥቂት ሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። እሬትና ማለስለሻ ዘይት ትክክለኛ ቦታቸውን የሚያገኙት በዚህ ጊዜ ነው፤ ነፍሳቷን ለመግደል ሳይሆን የተቆጣውን ቆዳ ለማብረድ። ቸል የተባለ ጀረብ በመቧጨር ቁስል በኩል ባክቴሪያ አስገብቶ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸውን መድኃኒቶች በማስረጃቸው መጠን ብናስቀምጣቸው እንዲህ ይሆናል። ድኝ በጀረብ ላይ ፈተናውን አልፏል። ጥቁር አዝሙድ በእጅ ኤክዜማ ላይ የተወሰነ፣ በሌላው ላይ ግን የሚጋጭ ማስረጃ አለው። እሬትና ኒም ሰፊ ጥናት ሊደረግባቸው የሚገባ መነሻ ውጤት አላቸው። እንዶድና ብሳና ገና በላቦራቶሪ ደረጃ ናቸው። ወርስ ከሁሉም የረዘመ ታሪክ፣ ከሁሉም ያነሰ ሙከራ አለው። ሐር ለሕመምተኛው የተሰጠ እፎይታ እንጂ የኤክዜማ መድኃኒት ሆኖ አልተገኘም።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሚቀር ሥራ አለ። የኢትዮጵያ የሕክምና ጽሑፎች ጥናት በግዕዝና በአማርኛ በኩል ብዙ ርቀት ሄዷል፤ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እና በ1973 ያሳተማቸው ሁለት ቅጾች ለዚህ ምስክር ናቸው። በዐረብኛና በዐጀሚ የተጻፈው ግን ያን ያህል ዕድል አላገኘም። የሐረሩ የሸሪፍ ሙዚየም የእጅ ጽሑፎችን በማሰባሰብ ያሳየው ምሳሌ በምዕራብ ሐረርጌም ሊከተሉት የሚገባ ነው። በየሸይኹ ቤት ያሉ ኪታቦች ኅዳጋቸው ላይ የመድኃኒት ማስታወሻ ካለ፣ ማስታወሻው ከተክሉ የአካባቢ ስምና ከደረቀ ናሙናው ጋር ሊመዘገብ ይገባል። ስሙ ያለ ናሙና ከቀረ፣ ነገ ወርስን ከካማላ ጋር ያምታቱት ሊቃውንት የገቡበት ስሕተት ውስጥ እንገባለን።

ከምርምሩ በፊት ግን በመስጊድ ሊሠራ የሚችል ቀላል ነገር አለ። የሚንሃጅ ደርስ ከሐር ልብስ ምዕራፍ ሲደርስ ሸይኹ ጀረብና ሒካ ሁለት መሆናቸውን፣ አንዱ የአንድ ሰው ቆዳ ጉዳይ ሲሆን ሌላው የቤቱ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢያስረዳ፣ ደረሳው ያን ቀን ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ዕውቀት ከፊቅህም ያልፋል። ማታ እኅቱ ስታክ ሲያይ «አብሯት የሚተኛ ሌላ ሰው ያካል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥቁር አዝሙዱ ይበቃል ወይስ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት የሚለው የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው።